ቆጣቢ ተብዬ ሩዜን ላጣሁበት ሽልማት የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ ፓክ ሉራህ፣
የካሊፑንታ ቀበሌ አስተዳዳሪ፣ የ«ቆጣቢ ጓዳ» ውድድር አሳቢና የበላይ ጠባቂ፣
ካሊፑንታ።

አሰላሙ ዓለይኩም። ይህ ደብዳቤ እርስዎንና ክብርት ባለቤትዎን በሙሉ ጤና፣ በደህና እንቅልፍ፣ በተለይም በመልካም የምግብ ፍላጎት እንዲያገኛችሁ ከልብ እመኛለሁ። የእኛን ቤት ደህንነት የጠየቁ እንደሆነ፣ አልሐምዱሊላህ፣ የምግብ ፍላጎታችን ከመቼውም የበለጠ ነው፤ የጎደለው ምግቡ ብቻ ነው።

ስሜን ቢዘነጉት እንኳ ፊቴን እንደማይዘነጉት እርግጠኛ ነኝ፤ በየማለዳው ወደ ቢሮዎ ሲገቡ በሩ ላይ ማንኪያ ይዤ የምስቅልዎት እኔ ነኝና። ባነሩ ሁለት ሜትር ይረዝማል፤ ከጎኔ እርስዎ አሉ፤ ከግርጌያችን በቀይ ፊደል «አስተዋይ እናት ካለች የሚራብ ቤት የለም» ይላል። ቱጊዬም እባላለሁ። ዕድሜዬ አርባ አራት ነው፤ ባነሩ ላይ ግን ፎቶ አንሺው በደግ እጁ ስላስተካከለኝ ሠላሳ እመስላለሁ፤ ለዚህም አመሰግናለሁ።

ይህን ደብዳቤ በግልጽ ጽፌ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍሁት ክብርዎን ለመዳፈር አይደለም። ሦስት ጊዜ በእጄ ያስገባሁት ማመልከቻ መልስ ስላላገኘ ነው። በርግጥ ጽሕፈት ቤትዎም ቆጣቢ ስለሆነ መልስ እንደማያባክን ይገባኛል። ቢሆንም አቤቱታዎቼን በቁጥር ለይቼ፣ ጊዜዎን እንዳልሻማ እየተጠነቀቅሁ፣ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ውድድሩ።

ባለቤቴ ካርሚን ለሃያ ሁለት ዓመት የኮኮናት ዛፍ ሲወጣ የኖረ ሰው እንደሆነ ያውቃሉ። ከአበባው ጫፍ የሚንጠባጠበውን ጣፋጭ ውሃ እርሱ ያወርዳል፤ እኔ ደግሞ እሳት ዳር ቆሜ ስኳር ሆኖ እስኪረጋ አማስለዋለሁ። ጠዋት ሃያ አምስት ዛፍ፣ ማምሻውን ያንኑ ሃያ አምስት ዛፍ። የእርስዎም ቤት ሻይ በእኛ ስኳር ይጣፍጥ ነበር። ካቻምና በዝናቡ ወቅት እግሩ ግንዱ ላይ ከተጠረበው መርገጫ አዳለጠውና ወደቀ። ነፍሱ ተረፈች፤ ዳሌው ተሰበረ። ባለ ዛፎቹም ዛፎቻቸውን ለሌላ ሰው ሰጡ፤ አልፈርድባቸውም፤ አበባው የሰው ዳሌ እስኪጠገን አይጠብቅም። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አምስት ነፍስ፣ ማለትም ካርሚን፣ ጥርስ የሌላት እናቱ ምባህ ራተም፣ ልጆቻችን ዊናርሲህና ታርጆ፣ እኔም ጭምር፣ የሰው ልብስ አጥቤ በማገኘው ሳንቲምና ቀበሌው በየወሩ በሚሰጠን አሥር ኪሎ ሩዝ ስንኖር ቆየን። ሩዙ ግድግዳችን ነበር፤ የእኔ እጥበት ልስኑ ነበር።

እንግዲህ እርስዎ በድምፅ ማጉያ «ጥበብ» ብለው የጠሩት ነገር የተወለደው ከዚያ ዛፍ ሥር ነው። ገበያ የምሄደው ሻጮች ሸራቸውን መጠቅለል ሲጀምሩ ነው። ከአኩሪ አተር የሚሠራው ቴምፔ ሦስት ቀን አድሮ ሲጠቁርና ሲሸት ገዢ ስለማያገኝ በሩብ ዋጋ እወስደዋለሁ፤ ከቃሪያና ከነጭ ሽንኩርት ጋር ሲወቀጥ ሽታው ጣዕም ይሆናል። ዓሣ ሻጯ ጭንቅላቱን ቆርጣ ለድመት ትጥል ነበር፤ ከድመቷ ቀድሜ እደርሳለሁ። የኮኮናት ወተት ከሚጨምቁ ሰዎች ቤት የተጨመቀውን አሠር በነጻ አመጣና በደረቁ አምሼ ሩዝ ላይ እነሰንሰዋለሁ። ጎመን ከወንዝ ዳር፣ የካሳቫ ቅጠል ከአጥር። አንድ እንቁላል ከዱቄትና ከውሃ ጋር ተመትቶ ሰፊ መጥበሻ ላይ በስሱ ሲፈስ አምስት ቦታ ይቆረጣል፤ ልጆቹ እንቁላል በላን ይላሉ፤ እኔም አልከራከራቸውም።

የነጻነት በዓል ሰሞን ጸሐፊዎ ፓክ ዳርሶኖ ቤት ለቤት እየዞሩ «የሩዝ እርዳታ የምትወስዱ ሁሉ ብትሳተፉ መልካም ነው፤ አለቃ ያያል» አሉን። እኛ ቤት የአለቃ ዓይን የሚፈራም የሚፈለግም ነገር ነውና ተመዘገብሁ። ሕጉ ለአምስት ሰው የሚበቃ ምሳ ከሃያ አምስት ሺህ ሩፒያ ባልበለጠ ወጪ ማብሰል ነበር። እኔ አሥራ አንድ ሺህ አወጣሁ። ሌሎቹ ይህን ከብልኀቴ ቆጠሩት፤ እኔ ግን ያን ቀን መቀነቴ ውስጥ የነበረው አሥራ አንድ ሺህ ብቻ ነበር።

የወረዳው አስተዳዳሪ ባለቤት ቀመሱ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ደግመው ቀመሱ።

«ኧረ አንቺ ሴት! በዚች ገንዘብ እንዴት አድርገሽ ነው?» አሉኝ።

ፓክ ሉራህ፣ ባለቤቴ ከወደቀ ጀምሮ «እንዴት ነው የምትኖሪው?» ያለኝ ሹም አልነበረም። በድንገት አንዲት የተከበሩ ሴት በሰው ሁሉ ፊት «እንዴት አድርገሽ ነው?» ሲሉኝ ልቤ ሞቀ፤ አፌም ተከፈተ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚባለውን እያወቅሁ ቴምፔውን፣ የዓሣ ጭንቅላቱን፣ አሠሩን፣ የወንዙን ጎመን፣ የሰዓቱን ነገር፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ተናገርሁ። ፓክ ዳርሶኖ እየተከተሉ ይጽፉ ነበር። ሲያበቃ እርስዎ ማይክራፎኑን ተቀብለው «አያችሁ! ችግሩ ያለው ኪሳችን ውስጥ አይደለም፤ ጭንቅላታችን ውስጥ ነው!» አሉ። ሕዝቡም አጨበጨበ። እኔም፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ አጨበጨብሁ።

ሁለተኛ፤ ስለ ሽልማቱ።

አንደኛ ለወጣሁበት የተሰጠኝ የኤሌክትሪክ ሩዝ ማብሰያ እጅግ ያማረ፣ ነጭ፣ ጎኑ ላይ ሮዝ አበባ የተሳለበት ዕቃ ነው። እንደ ገባ ሰክተን ቁልፉን ብንጫነው ቆጣሪያችን ጠቅ ብሎ ቤቱን ሁሉ አጨለመው። አምፖሉን አጥፍተን፣ የታርጆን ትንሽ ራዲዮ ነቅለን ሞከርን፤ ያኔ ሠራ። ስለዚህ በጨለማ ተቀምጠን ሩዙ እስኪበስል ጠበቅን፤ ልጆቹም እንደ በዓል ቆጥረውት ሳቁ። በዚያ ዕቃ ሩዝ የበሰለው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። ያልተበላሸ ዕቃ ለምን ቆመ ብለው ቢጠይቁ፣ መልሱን በሦስተኛው ቁጥር ሥር ያገኙታል። ማብሰያውን ሰጥተው ሩዙን የወሰዱት በአንድ ወር ውስጥ መሆኑን ሳስብ፣ ጽሕፈት ቤትዎ ሥራ አያዘገይም የሚሉት ሰዎች ልክ እንደሆኑ እመሰክራለሁ።

ሦስተኛ፤ ስለ ዝርዝሩ።

በቀጣዩ ወር ሩዝ ልወስድ ጆንያዬን ይዤ ስመጣ ስሜ ላይ መስመር ተስቦበት አገኘሁ። በምክንያቱ ረድፍ «ራሷን የቻለች» ይላል። መጀመሪያ ሌላ ቱጊዬም መስላኝ ነበር። ወደ ፓክ ዳርሶኖ ገባሁ፤ እርሳቸውም ከወንበራቸው ብድግ ብለው ተቀበሉኝ፤ ከዚያ በፊት ተነሥተውልኝ አያውቁም።

«ቡ ቱጊዬም! እንዴት ነዎት? እርስዎኮ የቀበሌያችን ኩራት ነዎት!»

«ስሜ ተሰርዟል፣ ፓክ።»

«አልተሰረዘም፤ አድጓል እንጂ። ከተረጂ ወደ ምሳሌ ተዛውሯል።»

«ምሳሌዎች ስንት ኪሎ ይወስዳሉ?»

«እንዴ! ምሳሌ ሆኖ እርዳታ የሚወስድ ሰው አይተው ያውቃሉ? ወረዳ ቢሰማ ምን ይለናል? ‘የምትረዱትን ሴት ነው እንዴ አርአያ ያላችሁን?’ አይልም?»

«ታዲያ ልጆቼ ምን ይብሉ፣ ፓክ?»

ፓክ ዳርሶኖ ከልባቸው ሳቁ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ የቀለድሁ መስሏቸው ነው። «ኧረ ይሄንንማ እኛ ነን ከእርስዎ የምንማረው!» ብለው በሩ ድረስ ሸኙኝ። ባዶ ጆንያዬን አጣጥፌ፣ በራሴ ፎቶግራፍ ሥር አልፌ ወጣሁ።

አራተኛ፤ ስለ መጽሐፏ።

«የቡ ቱጊዬም አሥር የጓዳ ምስጢሮች» የተባለችው ባለ ቀለም መጽሐፍ ለየቤቱ በነጻ መታደሏ ለስሜ ታላቅ ክብር ነው። በሁለተኛው ሳምንት ያደረ ቴምፔ ለመግዛት ማምሻውን ገበያ ብደርስ ሌሎች ሃያ ሴቶች ቀድመውኛል። ቴምፔ ሠሪውም ሰው ነውና ተፈላጊነቱን አይቶ ያደረውን ከትኩሱ እኩል መሸጥ ጀመረ፤ እንዲያውም ሆን ብሎ ያሳድረዋል። ዓሣ ሻጯ የጭንቅላቱን ዋጋ በካርቶን ላይ ጽፋ ሰቀለች፤ ድመቷ ከእኔ እኩል ከሥራ ወጣች። የኮኮናቱ አሠር በኪሎ ሆነ። የወንዙ ጎመን ሥሩ ሳይቀር ተነቅሏል፤ አሁን ወንዙ ዳር ያለው ጭቃና የሴቶች ዱካ ብቻ ነው። ድሀ ሰው ከሌላው የሚለይበት አንድ ሀብት ቢኖረው ሌላው የማያውቀው ጓዳ ጎድጓዳ ነው፤ የእኔን እርስዎ በአምስት መቶ ቅጂ አሳተሙት።

አምስተኛ፤ ስለ ጎረቤቶቼ።

ይህንን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። ሩዙ በእኔ ብቻ ቢቀር ኖሮ ይህን ያህል ባልጮኽሁ። በጥቅምት ወር የመንገዳችን አሥራ አንድ ቤቶች ድርሻ ከአሥር ኪሎ ወደ አምስት ወረደ። ማስታወቂያው «የተሸላሚዋ ልምድ እንዳረጋገጠው» ብሎ ነበር የሚጀምረው። እንደ ማስረጃ የተጠቀሰው የእኔ አሥራ አንድ ሺህ ሩፒያ ነው።

የአትክልት ጋሪ የሚገፋው ካንግ ዳስሩን በየጠዋቱ በር በራችን ይቆማል፤ ሴቶቹ ከብበው ቃሪያ እየመረጡ የሚሳሳቁበት፣ የሚተማሙበት፣ የታመመ የሚጠየቅበት ያ ጋሪ ነው። በማግሥቱ ቅርጫቴን ይዤ ስጠጋ ሳቁ እንደ መብራት ጠፋ።

«ዝም በሉ፣ መጣች» አለች አንዷ። «የምንገዛውን ጽፋ ለሹሙ ታስረክብብናለች።»

«ኧረ ተዪያት! የሹሙ ወጥ ቤት ኃላፊ አይደለች?»

ከሁሉ የከፋው የዩ ጊናህ ንግግር ነው። ዩ ጊናህ ከእኔ በሰባት ዓመት ትበልጣለች፤ ቤታችን በአንድ የቀርከሃ አጥር ነው የተለየው፤ ዊናርሲህን ስወልድ ራሴን ደግፋ የያዘችኝ እርስዋ ናት። ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ፣ ቃሪያ እየመረጠች፣

«ቱጊዬም፣ አንቺ ፎቶ ተነሣሽ፤ እኛ ግማሽ ድስት ሆንን። የኛን ድስት የደፋው ያንቺ አፍ ነው» አለችኝ።

ባዶ ቅርጫቴን ይዤ ተመለስሁ። እውነት ስለሆነ። ከዚያን ዕለት ወዲህ ጋሪው ሲመጣ ከቤት አልወጣም፤ ካንግ ዳስሩን ሌሎቹ ሲበተኑ የጠወለገ ሽንኩርት በአጥሩ ላይ ያስቀምጥልኛል፤ እርሱም ቀና ብሎ አያየኝም።

ለሚቀጥለው ነገር ቁጥር ልሰጠው አልቻልሁም፤ አቤቱታ ነው ለማለትም አልደፍርም፤ የሆነውን ብቻ እነግርዎታለሁ።

በዚህ ወር መጀመሪያ ቤታችን ሩዝ አለቀ። ልብስ ከማጥብበት ቤት ሠራተኛዋ የተረፈ ሩዝ ለዳክዬ አጥባ ታሰጣ ነበር፤ ለዳክዬዎቼ ብዬ ለመንኋት። ዳክዬ የለኝም። ሩዙን በፀሐይ አድርቄ፣ ሻጋታውን በሦስት ውሃ አጥቤ፣ በእንፋሎት አብስዬ፣ ጨውና የካሳቫ ቅጠል ጨምሬ አቀረብሁ። ካርሚን «እኔ በልቻለሁ» አለ። ከደጃፉ የማያልፍ ሰው የት ሄዶ እንደበላ አልጠየቅሁትም። ታርጆ በላ፤ ዊናርሲህም እያየችኝ በላች። ምባህ ራተም ግን አንዲት ጉርሻ በድዷ አላምጣ አቆመችና፣

«ይሄን ሩዝ አውቀዋለሁ» አለች። «በልጅነቴ በረሃቡ ዘመን እናቴ ትሰጠን ነበር። ዛሬም ረሃብ ነው እንዴ፣ ልጄ?»

«አይ እናቴ» አልኋት፤ «ቁጠባ ነው።»

ካርሚን ይህን ሰማ። በማግሥቱ ጠዋት ዝናቡ ሲያባራ ለእጥበት ውሃ ልቀዳ ወጥቼ ስመለስ ምርኩዙ ደጃፉ ላይ ተጋድሟል፤ ከግድግዳው ላይ ማጭዱ የለም። ልቤ አወቀው። ከቤታችን ጀርባ የቀረችን አንዲት የራሳችን ዛፍ አለች፤ ረጅም ናት፤ ማንም አይወጣባትም ብለን ትተናት ነበር። ቀና ብዬ ሳይ ከግንዱ ከእኩሌታ በላይ እንደ ቅጠል ተለጥፏል።

«ካንግ ካርሚን! ውረድ! እባክህ ውረድ!»

«አንዲት ዛፍ ብቻ ናት» አለ። ድምፁ ከላይ ሲመጣ የልጅ ድምፅ ይመስል ነበር። «ለሁለት ኪሎ ሩዝ ትበቃለች።»

«ሩዙ ይቅርብን! እኔ አመጣለሁ! ውረድልኝ ብቻ!»

ሌላ መርገጫ ሊረግጥ ሞከረ። ቀጥሎ «ቱጊዬም፣ እግሬ እንቢ አለኝ» አለ።

ፓክ ሉራህ፣ ጥበበኛዋ ሴት ያን ጊዜ ምንም ጥበብ አልነበራትም። ግንዱን አቅፌ ጮኽሁ። ደግሞም ስጮኽ ማን ይመጣልኛል ብዬ አስብ ነበር፤ ለሁለት ወር ጥላዬን የሸሸ መንገድ ነው። መጀመሪያ የደረሰው የዩ ጊናህ ባል ካንግ ሜስራን ነው፤ አጥሩን በእግሩ ገንድሶ ነው የገባው፤ እጁ ላይ የበሬ ገመድ ነበር። ገመዱን ትከሻው ላይ ጥሎ ወጣ። ዩ ጊናህ ከኋላዬ መጥታ እጄን ከግንዱ አላቀቀችና በእጇ ያዘችው።

«አትጩኺ» አለችኝ በጆሮዬ። «ከጮኽሽ ይደነግጣል።»

ካንግ ሜስራን ባለቤቴን በገመድና በራሱ ሽርጥ ጀርባው ላይ አስሮ፣ አንድ መርገጫ ሲወርድ እያረፈ፣ ሌላ ሲወርድ እያረፈ አመጣው። በመካከሉ እርጥቡ ግንድ አንድ ጊዜ አዳልጦት ሁለቱም አንድ ክንድ ያህል ተንሸራተቱ፤ ከታች የተሰበሰብነው ጎረቤቶች ሁሉ እጃችንን ወደ ላይ ዘረጋን። መሬት ሲደርሱ የካርሚን ሱሪ ርሶ ነበር። ዝናብ ነው አልን ሁላችንም። ዝናቡ ካባራ ሰዓት አልፎት ነበር።

ዳሌው እንደገና አብጧል፤ ወጌሻው ከአሁን በኋላ ያለ ሰው ድጋፍ እንደማይቆም ነግሮናል። በሕይወት አለ፤ ለዚህ አላህን፣ ካንግ ሜስራንን፣ የበሬውንም ገመድ አመሰግናለሁ። ጽሕፈት ቤትዎን በዚህ መስመር ላይ ለማመስገን ምክንያት ፈልጌ አጣሁ፤ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ያን ዕለት ቀትር ላይ ዩ ጊናህ በተገነደሰው አጥር በኩል ትኩስ ሩዝ በሳህን ይዛ ገባች። ከግማሹ ድርሻዋ የተቆረሰ ነው። ሳህኑን እጄ ላይ አስቀመጠችና፣

«እንኪ። ይሄን ግን ለፎቶ አንሺ እንዳታሳዪ» አለችኝ።

ሳቅሁ፤ ሳቁ መሐል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረብኝ፤ ማቆምም አቃተኝ። ጀርባዬን እየመታች «በቃ፣ በቃ፤ ጥፋቱ ያንቺ ብቻ መሰለሽ? እኛስ ቆመን አላጨበጨብንም?» አለች። በማግሥቱ ካንግ ዳስሩን ጋሪውን ሲያቆም እጄን ይዛ ወሰደችኝ። ሴቶቹ ቃሪያ መምረጣቸውን ተዉ። ከዚያ አንዷ «የወጥ ቤት ኃላፊ፣ ባልሽ እንዴት አደረ?» አለችኝ፤ ሌላዋም ቦታ ለቀቀችልኝ።

አሁን ወደ መጨረሻውና ይህን ደብዳቤ ወደ ወለደው ጉዳይ እመጣለሁ። ከትናንት ወዲያ ከጽሕፈት ቤትዎ ማኅተም ያለበት ወረቀት ደርሶኛል። በመጪው ሐሙስ ሃያ አራት ከፍተኛ እንግዶች ከአውራጃው መጥተው የእኔን ጓዳ «ሞዴል ጓዳ» ብለው እንደሚጎበኙ፣ እኔም የውድድሩ ዕለት የለበስሁትን ሸሚዝ እንድለብስ፣ ፊቴ የፈካ እንዲሆን፣ «የግል ችግርም እንዳይነሣ» ያዛል። የእንግዶቹ ምሳ ከከተማው ምግብ ቤት በሳጥን እንደሚመጣም ይገልጻል። ጓዳዬን ሊያዩ የሚመጡ ሰዎች ከጓዳዬ እንዳይበሉ መጠንቀቅዎ ለጤናቸው ያለዎትን አሳቢነት ያሳያል።

ትእዛዙን አክብሬ እቀበላለሁ። ሸሚዙን እለብሳለሁ፤ ሰፍቶኛል፣ በመርፌ አስይዘዋለሁ። ነገር ግን እንግዶቹ ፊት ቆሜ «ቆጣቢ» ስባል አንድ ማረሚያ እንድናገር ይፍቀዱልኝ። ቆጣቢ አይደለሁም። የተራብሁ ነኝ። ሁለቱ ከሩቅ ሲያዩአቸው ይመሳሰላሉ፤ የሁለቱም ድስት ትንሽ ነው፣ የሁለቱም ሳህን ተጠርጎ ይነሣል። ቆጣቢ ሰው ግን ነገ እንዲተርፈው ነው ዛሬ የሚቀንሰው። እኔ የምቀንሰው ዛሬን እንኳ የሚያደርሰኝ ስለሌለ ነው። ይህን ልዩነት የውድድሩ ዕለት ባለመናገሬ በአሥራ አንድ ቤት ልጆች ላይ በድያለሁና፣ እነሆ አሁን በሰሌዳዎ ላይ እናገራለሁ።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምነው፣ የአሥራ አንዱ ቤቶች ድርሻ ወደ ሙሉው እንዲመለስ፣ የእኔም ስም ከምሳሌነት ወደ ተረጂነት ዝቅ እንዲልልኝ ነው። ማዕረጉ ይቅርብኝ፤ ለክብር የሚሆን አቅም የለኝም። ይህ ከቶ የማይቻል ከሆነ ባነሩን አውርደው ቢሰጡኝ እንኳ በረከት ነው፤ ምባህ ራተም የምትተኛበት በኩል ጣሪያው ያፈሳል፣ የባነሩ ላስቲክ ደግሞ እጅግ ጠንካራ እንደሆነ ነክቼ አረጋግጫለሁ። የእርስዎ ፊት ወደ ውስጥ፣ የእኔ ወደ ዝናቡ እንዲሆን አድርጌ እዘረጋዋለሁ።

የመንገዳችን ሴቶች ደብዳቤው የእነርሱም እንደሆነ ለማስታወቅ ከወረቀቱ ጀርባ በአውራ ጣታቸው ፈርመዋል። የቀለም ወጪ እንዳይበዛ ከድስታችን ቂጥ በወሰድነው ጥላሸት ተጠቅመናል፤ ስለዚህ ቢሮዎ ሲያገላብጠው እጁን እንዳያቆሽሽ አደራ።

ዕድሜዎ እንደ ስብሰባዎ ይርዘም፤ ማዕድዎ እንደ ንግግርዎ ይብዛ፤ ልጆችዎም የዳክዬ ሩዝ ምን እንደሚመስል ሳያውቁ አድገው ለወግ ለማዕረግ ይብቁልዎት።

የእርስዎ ታዛዥ፣ በጽሕፈት ቤትዎ በር ላይ ቀንና ሌት የምትስቀው፣
ቱጊዬም፣ የካርሚን ባለቤት
ካሊፑንታ

የተረሳ ነገር፤ ሐሙስ ዕለት እንግዶቹ በእኔ ጓዳ ብቻ እንዳይጣበቡ፣ የመንገዳችን አሥራ አንድ ቤቶች በራቸውን ከፍተው፣ በየድስታቸው ያን ቀን የተገኘውን አብስለው ለመጠበቅ ተስማምተዋል። እንግዶቹ ምሳቸውን በሳጥን ይዘው ስለሚመጡ አንቸገርም። ፈቃድዎ ከሆነ ግን ለራትም ቢቆዩልን ደስታችን ወሰን የለውም፤ ራት የለም።